በሥጋ ላይ ያለ ምልክትና በነፍስ ላይ ያለ ማኅተም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ለዛሬው ትምህርታችን ምክንያት የሆነን ከራያ ቆላ፥ ከቆቦ አካባቢ፥ ከአንዲት እናት የደረሰን ጥያቄ ነው። እኒህ እናት ፊደል ስላልቆጠሩ ጥያቄያቸውን ያጻፉት በጎረቤት ልጅ እጅ ነው። ነገሩም እንዲህ ነው፤ ሁለት ልጆች አሏቸው። ሴቲቱ በሕፃንነትዋ አያትዋ ነቃሽ ጠርተው በግንባርዋ ላይ መስቀል፥ በአንገትዋም ዙሪያ ንቅሳት አስነቅሰዋት ያደገች ናት። ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ከሄደች በኋላ ግን ያዩዋት ሰዎች ስለሚሥቁባት ፀጉርዋን ወደ ፊት ጥላ መሄድ ጀመረች፤ አሁንም ገንዘብ አጠራቅሜ ምልክቱን በሐኪም አስፍቀዋለሁ ትላለች። ወንዱ ልጅ ደግሞ ከከተማ የተመለሰው ክንዱን በልዩ ልዩ ሥዕል ተነቅሶ፥ ጆሮውንና ቅንድቡን ተበስቶ ነው። በፍልሰታ ጾም ሊያስቀድስ ቢሄድ በደጁ የቆሙ አንድ ሽማግሌ፥ «ይህን ተሸክመህ ከዚህ አትገባም» ብለው ስለ መለሱት ከዚያን ቀን ወዲህ የቤተ ክርስቲያንን ደጅ አልረገጠም።

እናቲቱም እንዲህ ብለው ይጠይቃሉ፤ «ልጄ የመስቀሉን ምልክት ብታስፍቀው ክርስቶስን መካድ ይሆንባታልን? ወንዱ ልጄስ ስለ ተነቀሰና ስለ ተበሳ ከእግዚአብሔር ቤት ሊመለስ ይገባልን? እኔስ ያን ቀን እሺ ብዬ ልጄን ማስነቀሴ ኃጢአት ነውን?»

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ይህ የአንድ ቤት ጥያቄ ይመስላል እንጂ የብዙ ቤት ጥያቄ ነው። እናት በተመሰገነችበት ንቅሳት ልጅ ታፍርበታለች። የአያቱን መስቀል «የገጠር ሥራ ነው» ብሎ የሚሥቅ የከተማ ወጣት ራሱ ክንዱን ተነቅሶ ይታያል። ወጣቱን የሚቆጣው ሽማግሌ ደግሞ ወደ ቤቱ ሲገባ አንገትዋ በንቅሳት ያጌጠ ሚስቱ ትቀበለዋለች። ሁሉም በየፊናው የሌላውን ቆዳ ያነብባል፤ የገዛ ቤቱን ግን አያነብብም። ስለዚህ በመጀመሪያ ልማዱን ራሱን፥ ቀጥሎም መጻሕፍት የሚያስተምሩትን፥ ከዚያም የጤናንና የሕግን ነገር እንመልከት፤ በመጨረሻ ለእኒህ እናት ሦስት ጥያቄዎች መልስ እንሰጣለን።

የቆቦ ከተማ ከወልዲያ ወደ አላማጣ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፥ በራያ ሜዳ የተቀመጠች ናት። በምዕራብ በኩል የላስታ ተራሮች፥ በምሥራቅም የዞብል ተራራ ይታያሉ። ሜዳው ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት፥ ከብትና ግመል የሚረባበት፥ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ገበያ የሚውልበትና በደስታ በኀዘን የሚጠያየቅበት አገር ነው። የፍልሰታ ጾም ተፈጽሞ ነሐሴ 16 ቀን የእመቤታችን የዕርገትዋ በዓል ሲከበር፥ በላስታ አሸንድዬ፥ በዋግ ሻደይ፥ በትግራይ አሸንዳ የሚባለው የልጃገረዶች ጨዋታ በቆቦ ሶለል ተብሎ ይጠራል። በእነዚያ ቀናት የአገሩ ጌጥ ሁሉ በአንድ ሜዳ ላይ ይታያል። ልጃገረዶቹ ሹሩባ ተሠርተው፥ ዶቃና ድሪ አጥልቀው፥ ከበሮ እየመቱ ይጫወታሉ። በዳር ቆመው የሚያዩአቸው አሮጊቶች ግን ወደ ሣጥን የማይመለስ ጌጥ አላቸው፤ እርሱም ንቅሳት ነው። ከአገጫቸው ሥር በአንገታቸው ዙሪያ እንደ ድሪ የተደረደረ መስመርና ነጥብ፥ በግንባራቸው መስቀል፥ ሲሥቁም በጠቆረ ድድ መካከል የነጣ ጥርስ ይታያል። በልጃገረዶቹ ዘንድ ግን ይህ እየቀረ ሄዶአል።

ንቅሳት በባለሙያ ሴት እጅ የሚሠራ ሥራ ነበረ። ነቃሽዋ ጥላሸት ከቅጠል ጭማቂ ጋር ለውሳ መልኩን በቆዳው ላይ ትነድፍና በመርፌ ወይም በእሾህ ደጋግማ እየወጋች ጥቁሩ ወደ ውስጥ እንዲገባ ታደርጋለች። የላይኛው ቆዳ ሁልጊዜ እየረገፈ ይታደሳል፤ ከሥሩ ያለው ግን የገባበትን ቀለም ይዞ ይኖራል። ምልክቱ በውሃ የማይለቅ፥ በዘመንም ብዛት ፈጽሞ የማይጠፋ ስለዚህ ነው። ሕመሙ ብርቱ ነው፤ ሴቶች ልጅቱን ይዘው፥ እያባበሉ፥ «ዛሬ ብታለቅሺ ነገ ታምሪበታለሽ» እያሉ ያስፈጽሙታል።

አባቶችና እናቶች ይህን ስለ ምን ያደርጉ እንደ ነበረ መመርመር ይገባል፤ የሠሩትን ከመንቀፍ በፊት ያሰቡትን ማወቅ ፍርድን ያቃናልና። አንደኛው ምክንያት ውበት ነው። በአማራውም በትግራዩም አገር የተነቀሰ አንገትና የጠቆረ ድድ የቁንጅና ምልክት ሆኖ ሲመሰገን ኖሮአል። ሁለተኛው ሃይማኖት ነው። በግንባር ላይ የተነቀሰ መስቀል፥ «ይህች ልጅ የክርስቶስ ናት» ብሎ የሚናገር ነበረ፤ በጦርነትና በምርኮ ዘመን ልጅ ከእናትዋ ብትለይ እንኳ ማንነትዋ እንዳይጠፋ ነው ብለው አረጋውያን ይተርካሉ። ሦስተኛው መድኃኒት ነው። አንገት ሲነቀስ እንቅርትን ይከለክላል፥ ድድ ሲነቀስም ደም መድማቱን ያቆማል ተብሎ ይታመን ነበረ። እንግዲህ እነዚያ እናቶች ልጆቻቸውን ያስነቀሱት ከጥላቻ የተነሣ አይደለም፤ ልጄ ታምርልኝ፥ ልጄ አትጥፋብኝ፥ ልጄ አትታመምብኝ ሲሉ ነው።

የመበሳትም ነገር እንደዚሁ ነው። ሴት ልጅ በሕፃንነትዋ ጆሮዋን ብትበሳ ማንም አይደነቅም፤ ወንድ ሲበሳ ግን «ይህ ከየት የመጣ ነው?» ይባላል። ነገር ግን በቀደመው ዘመን በአገራችን ዝሆን የገደለ አዳኝ የጀግንነቱ ምስክር ይሆን ዘንድ በጆሮው የወርቅ ሎቲ ያደርግ ነበረ፤ ያን ጊዜም ሰው ሁሉ ያከብረው ነበር እንጂ አይሥቅበትም። በሩቅም አገር እንመልከት። በጋምቤላ የኑዌር ወንድ በግንባሩ ላይ የሚቆረጠው ስድስት መስመር ወደ ሙሉ ሰውነት የደረሰበት ምልክት ነው። በደቡብ ኦሞ ሙርሲ ሴቶች ከንፈራቸውን ተበስተው የሸክላ ገል ያኖሩበታል። እንዲሁም ቤተ እስራኤላውያን በ1977 ዓ.ም. እና በ1983 ዓ.ም. በብዛት ወደ እስራኤል ሲሄዱ፥ ከመካከላቸው በጎረቤቶቻቸው አገር ልማድ በአንገታቸውና በግንባራቸው የተነቀሱ ሴቶች ነበሩ፤ በተወለዱበት አገር ጌጥ የነበረው በደረሱበት አገር ጥያቄ ሆነባቸው። አንዱ ምልክት በአንድ አገር ክብር፥ በሌላው አገር ነውር ከሆነ፥ ክብሩና ነውሩ ያለው በቆዳው ላይ ሳይሆን በተመልካቹ ዓይን ውስጥ እንደ ሆነ እንረዳለን።

ይሁን እንጂ፥ «እንግዲያውስ ሁሉም ልማድ ነው፤ የፈለገው የፈለገውን ያድርግ» ብለን አንተወውም። ክርስቲያን ሥጋውን የራሱ ገንዘብ ብቻ አድርጎ አያይምና መጻሕፍት ምን ያስተምሩናል ብሎ ይጠይቃል።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 28 እግዚአብሔር ለእስራኤል ስለ ሞተ ሰው ሥጋቸውን እንዳይቈርጡ፥ ገላቸውንም እንዳይነቀሱ አዝዞአቸዋል። ይህ ትእዛዝ ስለ ምን ተሰጠ ቢሉ፥ በዙሪያቸው የነበሩ አሕዛብ ለሞቱ ሰዎችና ለጣዖቶቻቸው ሲሉ ገላቸውን ይቈርጡ ስለ ነበር ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 18 የበኣል ነቢያት በኤልያስ ፊት ደማቸው እስኪፈስ ድረስ ገላቸውን እንደ ቈረጡ ተጽፎአል። እንግዲህ ሕጉ የከለከለው በመጀመሪያ ተስፋ ቢስ ኀዘንንና ጣዖት ማምለክን ነው። በዚህ ቃል ወጣቱን የሚገሥጽ ሁሉ ግን አንድ ነገር ያስብ። ሕጉ ንቅሳትን የጠቀሰው ለሞተ ሰው ገላን ከመቍረጥ ጋር አንድ አድርጎ ነው። በወሎም ሆነ በሌላው አገር ሰው ሲሞት ፊቱን የሚነጭ፥ ደረቱን የሚደቃ ስንት ነው? ቤተ ክርስቲያን በትንሣኤ ለሚያምኑ ይህ አይገባም ብላ ስታስተምር ኖራለች። በልቅሶ ቤት ፊታችንን እየነጨን የልጃችንን ክንድ በዚያው ጥቅስ ብንገሥጽ፥ ከአንድ ቃል ግማሹን አንብበን ግማሹን መዝለላችን ነው።

ስለ ጌጥም መጻሕፍት ብዙ ይነግሩናል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 24 የአብርሃም ሎሌ ለይስሐቅ ሚስት ሊያጭ በሄደ ጊዜ ለርብቃ በአፍንጫዋ የወርቅ ቀለበት አደረገላት፤ ይህም ነቀፋ አልሆነባትም። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 32 ሕዝቡ ከጆሮአቸው የወርቅ ጉትቻ አውጥተው ለአሮን ሰጡ፤ እርሱም ጥጃ ሆነ። በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 35 ግን ያው ሕዝብ ጉትቻውንና ቀለበቱን አምጥቶ ለእግዚአብሔር ድንኳን ሥራ አበረከተ። ልብ በሉ! ወርቁ ያው ወርቅ ነው፤ ጆሮውም ያው ጆሮ ነው። አንድ ቀን ጣዖት፥ አንድ ቀን መባ የሆነው ልቡ ለማን እንደ ተሰጠ ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስም በመጀመሪያይቱ መልእክቱ ምዕራፍ 3 ሴቶች ጌጣቸው የውጭ ሹሩባና ወርቅ ብቻ እንዳይሆን፥ በልብ የተሰወረው የየዋህነት ጌጥ በእግዚአብሔር ፊት ውድ እንደ ሆነ አስተምሮአል። የእኛም ሰው «መልክ ታጥቦ አይጠጣም» ያለው ይህንኑ ሲያስብ ነው።

በክርስቲያኖችም ታሪክ የመስቀል ንቅሳት የእኛ አገር ብቻ ልማድ አይደለም። በ6ኛው መቶ ዓመት በጋዛ የነበረው ፕሮኮፕዮስ የተባለው የመጻሕፍት ተርጓሚ፥ በዘመኑ ብዙ ክርስቲያኖች በእጃቸው ወይም በክንዳቸው ላይ የመስቀልን ምልክት ወይም የክርስቶስን ስም ያኖሩ እንደ ነበር ጽፎአል። የግብጽ ክርስቲያኖች እስከ ዛሬ ድረስ በእጃቸው አንጓ ላይ ትንሽ መስቀል ይነቀሳሉ፤ በኢየሩሳሌምም ለተሳላሚዎች የመስቀል ንቅሳት የሚያኖሩ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ኖረዋል። ይህን የምንናገረው ተነቀሱ ለማለት አይደለም፤ በመከራ ውስጥ ሆነው ይህን ያደረጉትን በጥድፊያ ከአሕዛብ ጋር እንዳንቈጥራቸው ነው።

ዳሩ ግን የክርስቲያን እውነተኛው ማኅተም ይህ አይደለም። ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ተጠምቆ ካህኑ በቅዱስ ሜሮን 36 ቦታ ሲቀባው፥ ግንባሩም ዓይኑም ጆሮውም አንገቱም ሁሉ ይታተማል። ያ ማኅተም ዓይን አያየውም፤ መርፌ አላኖረውም፤ ሐኪምም አይፍቀውም። ማተባችንም በአንገታችን የሚታሰረው የዚያ መታሰቢያ ይሆን ዘንድ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት መጨረሻ የኢየሱስን ምልክት በሥጋው እንደ ተሸከመ ሲናገር፥ የወንጌል ጠላቶች በደብደባ ያተሙበትን ጠባሳ ማለቱ ነው፤ በነቃሽ እጅ የተሣለበት ጌጥ አልነበረም። ጌታችንም ከሙታን ከተነሣ በኋላ የችንካሩን ምልክት ከእጁ አላጠፋም፤ ቶማስ ዳስሶ ያምን ዘንድ አሳየው እንጂ። ከፍቅር የተነሣ የተቀበሉት ምልክት አያሳፍርም።

አሁን ስለ ጤና ጥቂት እንናገር፤ ሥጋ የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ከሆነ መጠበቅ ይገባዋልና። እንቅርት የሚመጣው ከምግብና ከጨው ውስጥ አዮዲን የተባለው ንጥረ ነገር ሲጐድል ነው፤ በአንገት ግርጌ ያለው ዕጢ የጐደለውን ለማካካስ ሲታገል ያብጣል። ይህን የሚከለክለው ጥላሸትና መርፌ ሳይሆን አዮዲን የገባበት ጨው ነው፤ ስለዚህም በ2003 ዓ.ም. በወጣ ደንብ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖርበት በኢትዮጵያ ታዝዞአል። አንድ መርፌ ለብዙ ልጆች ሲውል ደግሞ የአንዲቱ ደም ወደ ሌላይቱ ይገባል፤ በዚህም መንገድ ጉበትን የሚጐዱ ተሐዋስያንና ኤችአይቪ ሊተላለፉ ይችላሉ፤ ቁስሉም በቆሸሸ ነገር ከተነካ መንጋጋ ቆልፍ ሊያስከትል ይችላል። ይህ የሚያስፈራው የመንደርን ነቃሽ መርፌ ብቻ አይደለም፤ የከተማው መነቀሻ ቤት መርፌና መብሻም በሚገባ ካልተቀቀለ ወይም ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ካልሆነ ያው ነው። ቅንድብ፥ አፍንጫና ከንፈር ሲበሱም ቁስሉ ቶሎ የማይድንና በቀላሉ የሚመግል ሊሆን ይችላል።

የአገሪቱም ሕግ በዚህ ላይ ዝም አላለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን በሚመለከተው ክፍል፥ በአንቀጽ 567፥ በጎጂ ልማድ ምክንያት በሌላ ሰው አካል ላይ ጉዳት ማድረስን ያስቀጣል። ልጅ ራስዋ ሳትመርጥ፥ እየጮኸች፥ ተይዛ መወጋትዋ በእግዚአብሔርም ፊት በሰውም ፊት የሚመሰገን አለመሆኑን ለመረዳት ግን የሕግ አንቀጽ መጥቀስ እንኳ አያስፈልግም። የገዛ ልቡናችን ይበቃናል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

እናቴ ሆይ፤ በመጨረሻ የጠየቁትን በመጀመሪያ እመልስልዎታለሁ። ያን ቀን ልጅዎን ሲያስነቅሱ ያሰቡት ክፉ አልነበረም። እናትዎ ለእርስዎ ያደረጉትን እርስዎም ለልጅዎ አደረጉ፤ በመስቀል ልትጠበቅልዎ ወደዱ። እግዚአብሔር የእናትን ልብ ያውቃል። ነገር ግን ልብዎ ከከሰሰዎ ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ ሸክሙ ይወርድልዎታል። ከእንግዲህ ወዲህ ለሚወለዱት የልጅ ልጆችዎ ግን መስቀልን በግንባራቸው በመርፌ አያስነቅሱ። መስቀልን በጸሎት፥ በጾም፥ በቅዱስ ቍርባን፥ በመልካም ጠባይም በልባቸው ይሣሉላቸው። ለልጅዎም ደግሞ፥ «አያትሽና እኔ ያደረግነው ስለ ወደድንሽ ነው፤ አሞሽ ከነበረ ግን ይቅር በይን» ቢሏት ምንም አይጐድልዎትም። ትልቅ ሰው ለልጁ ይቅርታ ቢጠይቅ ክብሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

አንቺም ልጄ፤ ይህን የምትሰሚ ከሆነ፥ መስቀሉን ብታስፍቂው ክርስቶስን ካድሽ አልልሽም። የተጠመቅሽው በጥላሸት አይደለምና ክርስትናሽ በሐኪም እጅ አይፋቅም። ነገር ግን ከመሄድሽ በፊት ራስሽን ጠይቂ፤ የምታስፍቂው ራስሽ ስለማትፈልጊው ነውን? ወይስ የሚሥቁብሽ ስላሸነፉሽ? ምልክቱን የምትሸሽው ከሰው ሣቅ የተነሣ ከሆነ፥ ሣቂዎቹ ነገ ሌላ ምክንያት ያገኛሉ፤ ዛሬ በግንባርሽ፥ ነገ በአነጋገርሽ፥ ከነገ ወዲያም በተወለድሽበት አገር ይሥቃሉ። ቍርጥ ሐሳብሽ ማስፋቅ ከሆነም በታወቀ ሐኪም ዘንድ ይሁን፤ በሌዘር ጨረር የሚደረገው ሥራ በአንድ ጊዜ የማይፈጸም፥ በጥቁር ቆዳም ላይ ጠባሳ ወይም ዥንጕርጕር ሊተው የሚችል እንደ ሆነ አስቀድመሽ እወቂ። በቤት ውስጥ በአሲድና በትኩስ ብረት ለማጥፋት የሚሞክሩ ግን ራሳቸውን ይጐዳሉ፤ ከዚህ ተጠንቀቂ። በአጭሩ እንዲህ ልበልሽ፤ ብትተዪው አታፍሪበት፤ ብታስፍቂውም አትፍሪ።

አንተም ልጄ፤ ክንድህን ስለ ተነቀስህ አላመሰግንህም። ሥጋህ በዋጋ የተገዛ ነው፤ ነገ የምትጸጸትበትን ነገር ዛሬ በማይለቅ ቀለም አትጻፍበት። በቆዳህ ላይ ያለው ሥዕል ለክርስቲያን የማይገባ ከሆነ በልብስህ ሸፍነው፤ የቀረውን ከንስሐ አባትህ ጋር ተማከር። ወደ ቅድስናው ስፍራ ስትገባ ጫማህን እንደምታወልቅ፥ የቅንድብህንም ቀለበት ስለ ቦታው ክብር ብታወልቀው አትዋረድም። ይህን ሁሉ የምታደርገው ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን እየመጣህ እንጂ ከቤተ ክርስቲያን ርቀህ አይደለም። በአንድ ሽማግሌ ቃል ተቆጥተህ የአባትህን ቤት አትተው።

አሁን ደግሞ በደጀ ሰላም ለምትቆሙ አባቶቼ በታላቅ አክብሮት አንድ ቃል አለኝ። ለቤተ ክርስቲያን ክብር መቅናታችሁ መልካም ነው። ነገር ግን ወንጌል ወደ አገራችን በማን እጅ እንደ ደረሰ አስቡ። በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 8 የተጻፈለት የሕንደኬ ሹም ጃንደረባ ነበረ። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ደግሞ እንደ እርሱ በሥጋው የተጐዳ ሰው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ ተጽፎ ነበር። ጃንደረባው ይህን ምልክት በሥጋው ይዞ ለመስገድ ከኢትዮጵያ እስከ ኢየሩሳሌም ሄደ። ሲመለስም ቅዱስ ፊልጶስ በመንገድ ባገኘው ጊዜ ስለ ሥጋው አልጠየቀውም፤ የሚያነብበውን ያስተውል እንደ ሆነ ጠየቀው እንጂ። ከሠረገላውም ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ፤ አስተማረው፤ አጠመቀው። ፊልጶስ ያን ቀን «እንደዚህ ሆነህ አትቀርብም» ብሎ መልሶት ቢሆን ኖሮ ያ ሰው ወደ አገሩ የሚመለሰው በደስታ ነበርን? እንግዲያውስ በጃንደረባው አገር፥ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፥ አንድ ወጣት ስለ ቅንድቡ ቀለበት እንዴት ይመለሳል? ልጁን ከደጅ ከመመለስ በእጁ ይዞ ከዳር ማቆም፥ ከቅዳሴም በኋላ አጠገቡ ተቀምጦ መምከር የፊልጶስ ሥራ ነው።

በከተማ ያላችሁም ወንድሞችና እኅቶች፤ በግንባርዋ መስቀል ያለባትን የቤት ሠራተኛ፥ አንገትዋ የተነቀሰውን የጉልት ሻጭ ስታዩ የምትሥቁ፥ ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የወርቅ ቀለበት ያደረገውን ባለጠጋ በክብር አስቀምጦ ድሃውን ስላቆመው ጉባኤ የጻፈውን አንብቡ። ነቢዩ ሳሙኤልም በእሴይ ቤት ኤልያብን በመልኩ ሊመርጠው ባሰበ ጊዜ፥ እግዚአብሔር እንደ ሰው ፊትን እንደማያይ፥ ልብን እንደሚያይ ተነግሮታል። ነቢይ ከተሳሳተ እኛማ እንዴት አብልጠን ልንጠነቀቅ ይገባን! «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» እንዲሉ፥ በሰው ግንባር ላይ ቆሞ የቀረ ዓይን ሰውየውን ገና አላየውም።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በመጪው ነሐሴ የሶለል ከበሮ በራያ ሜዳ ሲመታ አያት በንቅሳትዋ፥ ልጅ በሹሩባዋ፥ የልጅ ልጅም ከከተማ ይዞት በመጣው መልክ በአንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። በዚያ ቀን አንዱ ሌላውን በቆዳው እንዳይለካው፥ ሁሉም በማይታየው ማኅተም አንድ ቤተ ሰብ መሆናቸውን እንዲያስቡ እንለምናለን። የእኒህ እናት ልጅም ፀጉርዋን ከግንባርዋ ላይ መልሳ፥ ወንድምዋም ከደጁ አልፎ ገብቶ፥ እናታቸውን በመካከል አድርገው በአንድነት ያስቀድሱ ዘንድ የእግዚአብሔር ፈቃድ ይሁን።

እግዚአብሔር አምላካችን በልባችን ላይ የጻፈውን ፍቅሩን አያጥፋብን፤ ሰውን በፊቱ ከመፍረድ ይጠብቀን፤ የእመቤታችን አማላጅነት፥ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎትና በረከት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።